አባባ ሊተነፍሱ ነው

ሰው ሁሉ የሚወደው፣ እኔ ግን መስኮት የምዘጋበት አንድ ሽታ አለ። በመጋቢት ከነታንያ ወደ ቴል ሞንድ የሚሄደው አውቶቡስ ከከተማው ወጣ ሲል የብርቱካን አበባ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይስበዋል። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይ፣ ገነት!» ሲሉ እኔ ተነስቼ መስኮቱን ጥርቅም አደረግሁት። «ምነው፣ አለርጂ አለብሽ?» አሉኝ። «እኔ የለብኝም፣ አያቴ ናቸው» ልላቸው አልኩና፣ አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። መስኮቱን ግን አልከፈትኩላቸውም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል ከመጣን ደግሞ ሁለተኛ ክረምታችን። ከዚያ መንገድ ገባ ብሎ፣ ፓርዴስ በምንለው የብርቱካን እርሻ መካከል፣ ካራቫን የሚባሉ ተጎታች ቤቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ነበር። አድራሻችን «ነታንያ» ይላል። አባቴ ለአገር ቤት ዘመድ በካሴት ድምፁን ቀድቶ ሲልክ «ነታንያ፣ ባሕሩ አጠገብ ነን» ይል ነበር፤ እኛ ግን ባሕሩን ያየነው አንዴ፣ በትምህርት ቤት ጉዞ ነው። ሱቅ የለ፣ ሐኪም የለ፤ ስልክ ቢሉ መግቢያው ላይ የቆመ አንድ የሕዝብ ስልክ፣ እሱም ሲዘንብ የሚዘጋ። አውቶቡስ ለመያዝ በጭቃው መንገድ እስከ አስፋልቱ መውጣት ነው፤ አውቶቡሱም ደስ ሲለው ይመጣል። ጤነኛ ሰው ይኖርበታል። በሽተኛ ይዞ ለሚኖር ግን መላ ያስፈልገዋል። የኛ ቤት መላ እኔ ነበርኩ።

አባባ የምላቸው የአባቴን አባት ነው። አገር ቤት፣ ከጎንደር ወዲያ፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ማረሻና ማጭድ ሲያበጁ የሳቡት የከሰል ጢስ ደረታቸው ውስጥ ቤት ሠርቶ ቀረ። ሳሉም አብሯቸው በአውሮፕላን መጣ። «ሌላውን ዕቃ ሁሉ አስጥለውኛል፤ ይሄን ግን ማንም አልወሰደብኝም» ይሉ ነበር። ሌላም ሙያ ነበራቸው፤ አልቃሽ ነበሩ። ሙሾ የሴት ነው ይባላል፤ አባባ ግን ሰው ሲሞት ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይጠራሉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሟቹን በስሙ እየጠሩ በግጥም ሲያለቅሱለት የማያነባ ሰው አይገኝም ነበር አሉ። እናቴ «ሰው በእሳቸው ለመለቀስ ሲል ለመሞት የሚቸኩል ነበር» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ነታንያ ክሊኒክ የወሰድናቸው በዚያ መከር መጀመሪያ ላይ ነው። ዶክተሩ ከሩሲያ የመጣ፣ በአገሩ ላይ ከኛ ብዙም የማይቀድም ሰው ነበር። ሕብራይስጡ ከአባቴ አይሻልም፤ መሃል የተቀመጠችው አስተርጓሚ ልጅ በላብ ተዘፈቀች። ዶክተሩ ደረታቸውን፣ ጀርባቸውን አዳመጠና እንዲህ አለ፤ «ይሄ ሳንባ አይድንም። በጥንቃቄ ከያዛችሁት ግን ይኖራል። ጢስ አይድረስባቸው፣ አቧራ አይድረስባቸው፣ ብርድ አይምታቸው፣ አይደንግጡ።» ከዚያ አንድ ግራጫ ሣጥን የመሰለ ማሽን ሰጡን። ኢንሃላጽያ ይባላል። መድኃኒቱን ከጨው ውኃ ጋር አድርጎ በቱቦ ወደ ፕላስቲክ ጭንብል ያተነዋል፤ በሽተኛው ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አድርጎ እንፋሎቱን ይስባል። ነርሷ አጠቃቀሙን ለአባቴ ስታሳይ፣ የገባው ለኔ ነበርና ሥራው የኔ ሆነ።

አባባ ማሽኑን አገላብጠው አዩት። ሞተሩ ሲነሳ እጃቸውን ጎኑ ላይ አድርገው አዳመጡት።

«ወናፍ ነው» አሉ። ወናፍ ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያናፋበት የፍየል ቆዳ ነው። «ደህና ወናፍ ነው። አናፊ የለውም እንጂ።»

የእሳቸው አናፊ ደሴ ነበር፤ የመጨረሻ ልጃቸው፣ የኔ አጎት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከጎናቸው ቁጭ ብሎ ወናፉን ሲያናፋ ነው ያደገው። እኛ ስንመጣ የሚስቱ ወረቀት አልደረሰምና «እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብሎ ቀረ። ይከተላል ተባለ። አባባ ዓርብ ዓርብ አባቴ ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ፈንታ፣ የደሴ ነገር ምን ደረሰ?» ይሉታል። አባቴም «እየሄደ ነው አባቴ፣ ደርሷል» ይላል። እኔ ደሴን የማስታውሰው በትከሻው ነው፤ ተሸክሞኝ ወንዝ ያሻገረኝ ትከሻ።

ደሴ በዚያው መከር ሞተ። እስኪጠሩት ድረስ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብሎ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ወባ ነው የያዘው። ወሬው ለአባቴ የደረሰው በመግቢያው ስልክ ነው፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች በኅዳር የምናከብረው የስግድ በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት አባቴ ከስልኩ ሲመለስ በካራቫናችን ፊት ለፊት አልፎ፣ ቤት ሳይገባ፣ ቀጥ ብሎ ፓርዴሱ ውስጥ ሲጠፋ ነው።

በኛ አገር መርዶ እንደ ፖስታ አይሰጥም። ጊዜ ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ንጋት ይጠበቅለታል። የታመመ ሰው ከሆነ ደግሞ እስኪሻለው ይቆያል፤ አገር ሁሉ አውቆ አገር ሁሉ ዝም ይላል። አባቴና የሰፈራችን ቄስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ እኔ ከካራቫኑ ጀርባ ልብስ አሰጣ ነበር። «ዶክተሩ አይደንግጡ ብሏል» ሲል ሰማሁት አባቴ። «ብርዱ ደግሞ መጣ። ክረምቱ ይውጣ። አበባ ሲፈነዳ፣ ደረታቸው ከፈት ሲልላቸው እንነግራቸዋለን።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አገር ቤት ክረምት አልፎ አደይ ሲፈነዳ በሽተኛ ይሽረዋል፤ ይሄን የማያውቅ የለም። አበባ መድኃኒት ነው ብለው ያሰቡት ባለማወቅ አይደለም፣ የሚያውቁት የሌላ አገር አበባ ስለነበር ነው።

ያን ሰሞን አባባ ደረታቸው ደህና ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሄደው ይመለሱ ነበር። ይሄን ደጋግሜ የማስበው አለነገር አይደለም።

እናቴ ማታውን ጓዳ አስገባችኝና «አባባ ፊት የደሴን ስም እንዳትጠሪ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ሰምተሻል? ልባቸው ዘሎ ደረታቸው ይዘጋል» አለችኝ። እኔም የገባኝ መሰለኝ። የሰፈሩ ሰው አባባ ሲመጡ ወሬ ያቆማል። ሴቶች ጥግ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ሽማግሌ ይመክራል። አበባ ሲፈነዳ እንነግራቸዋለን ይባላል። ታዲያ ይሄ ምን ሊሆን ይችላል? ደሴ ሊመጣ ነው! አባባ በደስታ እንዳይደነግጡ ነው የተደበቀው። ትምህርት ቤት ውስጥ ለልደት ልጅ እንዲህ ተደብቀው በድንገት ሲያስደስቱት አይቻለሁ። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንባውን ውጦ ሲዞር፣ አንድ እኔ ደስታዬን ውጬ እዞር ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር የማሽኑ ነገር መከራ ሆነ። የካራቫኖቹ መብራት በአንድ ቀጭን መስመር ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ ማሞቂያውን ሲሰካ መስመሩ ይወድቃል፤ መስመሩ ሲወድቅ የአባባ ማሽን ይቆማል። መጀመሪያ የቆመ ዕለት አባባ ጭንብሉን እንደያዙ ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝና በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወጥቼ፣ በር በር እየደበደብኩ «ሐሽማል አጥፉ! አባባ ሊተነፍሱ ነው!» እያልኩ ጮህኩ። መብራቱን ማለቴ ነው። አንድ በአንድ አጠፉ። መስመሩ ተነሳ፣ ማሽኑ አጉረመረመ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጠዋትና ማታ ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት በሁለቱ ረድፍ መካከል እየሮጥኩ እጮሃለሁ፤ አባባ ጨርሰው ጭንብሉን እስኪያወልቁ ሰፈሩ በብርድ ይቆያል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በር ላይ ብቅ ትልና «አንቺ ትርንጎ! እሳቸው የሚተነፍሱት እኛ ደርቀን ስንቀር ነው?» ትለኛለች።

«ትንሽ ነው እትዬ ብርቄ!»

«ይተንፍሱ፣ ይተንፍሱ። ከሞትኩ ግን እሳቸው ናቸው የሚያለቅሱልኝ፣ ንገሪያቸው።»

ሁልጊዜ ማሞቂያዋን ቀድማ የምታጠፋው እሷ ነበረች። ይሄን ቀልዷንም ለአባባ ስነግራቸው ይስቁ ነበር። በኋላ ላይ ግን ስነግራቸው መሳቅ ተዉ።

ሰንበት ሲሆን አባባ ማሽኑን አይነኩም። አባቴ «ለነፍስ ተፈቅዷል» ቢላቸው «እሳት እሳት ነው፤ በአገሬ ያልሻርኩትን ሰንበት እዚህ መጥቼ አልሽርም» ብለው ይዘጉታል። ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን እንደሚያፏጭ ሰው ሰብሰብ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ይውላሉ። ወሬ አያወሩም። ትንፋሽ ላለመጨረስ ነው። እኔ ያኔ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ሲወለድ የተሰፈረ አየር የሰጠው ይመስለኝ ነበርና፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀምጬ ትንሽ ትንሽ ነበር የምተነፍሰው፤ የኔ እንዲተርፍና ለእሳቸው እንዲሆን።

አንዱ ካራቫን የጸሎት ቤት ነበር። ቄሱ ሰንበት ጠዋት በጸሎቱ መጨረሻ ላይ አገር ቤት የቀሩትን ዘመዶች በየስማቸው እየጠሩ «መንገዱን አቅናለት፣ መንገዱን አቅናላት» ይላሉ። የኛ ደሴ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይጠራል። አባባ እሱ ስም ላይ ሲደረስ «አሜን» የሚሉት ከሌላው ጠንከር አድርገው ነው። ከስግድ በኋላ በነበረችው ሰንበት ግን ቄሱ ከደሴ በፊት ያለውን ጠሩ፣ ከደሴ በኋላ ያለውን ጠሩ፣ ደሴን ዘለሉት። አባቴ እንደ በፊቱ ይጥሩት ብሎ ለምኗቸው ነበር አሉ። ቄሱም «ለሰው ዝም እላለሁ፤ እግዚአብሔር ፊት ቆሜ ግን የሞተውን አለ አልልም» ብለውታል።

እኔ ተናደድኩ። የአባባን ጋቢ ጎተት አድርጌ፣ የእናቴን ማስጠንቀቂያ ረስቼ፣ «አባባ፣ ደሴን ረሱት» አልኳቸው።

አባባ ወለሉን ያዩ ነበር። እጄን ያዙኝ። እጃቸው የብረት ሠራተኛ እጅ ነው፣ ሻካራ። «አልረሱትም» አሉኝ።

ቤት ስንገባ ገና ሳይቀመጡ «ትርንጎ፣ ማሽኑን አምጪው» አሉ።

«ዛሬ እኮ ሰንበት ነው አባባ።»

«አምጪው አልኩሽ።»

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ እየሮጥኩ ወጥቼ «አባባ ሊተነፍሱ ነው!» ስል በየበሩ የወጣው ሰው ያበድኩ መስሎት ያየኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አላቋረጡም። መድኃኒቱ ምሬቱ ምላሳቸውን ሲያቃጥለው አያማርሩም። ነርሷ ያሳየቻቸውን የትንፋሽ ልምምድ፣ በፊት «የሕፃን ጨዋታ» ያሉትን፣ ግድግዳ ተደግፈው ይሠሩ ጀመር። አባቴ ደስ አለው። «ለመዳን ቆርጠዋል» ይል ነበር ለእናቴ። ዓርብ ዓርብም የደሴን ነገር መጠየቅ ተዉ። አባቴ ይሄንንም እንደ እፎይታ ነው ያየው፤ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ተረጋግቶ ያወልቅ ጀመር። የሚጠይቅ ሰው መጠየቅ ሲያቆም ምን ማለት እንደሆነ አባቴን የሚያህል ሰው እንዴት ሳይገባው እንደቀረ እስካሁን አልገባኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ የአባባ ጆሮ ባዕድ ነው ብሎ ተማምኖ ተቀመጠ። እኔም ልጅ ነኝና፣ አባባም ሚስጥሩን ነቅተውበታል፣ ደሴ ሲመጣ ቆመው ሊቀበሉት ነው የሚበረቱት ብዬ አመንኩ።

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በጣም ታመው አገኘኋቸው። ዝናቡ መንገዱን በልቶታል፣ ስልኩ ተዘግቷል። አባቴ ፓርዴሱ ውስጥ ብርቱካን የሚለቅም ሰው ትራክተር ለምኖ አመጣ። አባባን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ብርቱካን በሚጫንበት ጋሪ ላይ፣ ከእንጨት ሣጥኖች መካከል አስቀመጥናቸው፤ እኔ ዣንጥላ ያዥ ሆንኩ። አስፋልቱ ላይ መኪና ለምነን ነታንያ ደረስን። ኦክስጅን ሰጧቸው፣ መርፌ ወጓቸው። ሲረጋጉ ዶክተሩ የመድኃኒታቸውን ነገር ጠይቆ አንድም ቀን እንዳላቋረጡ ሲሰማ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። «ጎበዝ ሽማግሌ!»

አባባ አስተርጓሚዋን ጠጋ ብለው «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሏት። «ጮክ ብዬ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ የማገኘው መቼ ነው?»

ዶክተሩ ሳቀ። «ማንን ሊቆጡ ነው?» አለ።

አባባ አልሳቁም። «ረጅም ንግግር አለብኝ በይው» አሉ።

ዶክተሩም ክረምቱ ሲያልፍ ይሻላቸዋል አለ። እሱም የሩሲያ ክረምት መስሎት ይሆናል።

ክረምቱ አለፈ። ፓርዴሱም አበባ አወጣ። ካራቫኖቻችን በአበባ መካከል ሰመጡ፤ ሽታው ትራስ ውስጥ ይገባል፣ እንጀራ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ደስ አለን። ከዚያ የአባባ ደረት ተዘጋ። ክረምቱን ያን ሁሉ ብርድ የተቋቋመ ደረት በአበባው ተሸነፈ። በዚያ ላይ ለዛፎቹ መድኃኒት የሚረጨው መኪና በጠዋት ይመጣል። መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ብንደፍነው፣ በሩን ብንዘጋው፣ አበባው እንደ ውኃ ሰርጎ ይገባል። እስከ አስፋልቱ ይሄዱ የነበሩት ሰው ከአልጋቸው እስከ በሩ ለመድረስ መሃል ላይ ቆመው ያርፉ ጀመር። አባቴ መርዶውን አሁንም ገፋው፤ «ትንሽ ይሻላቸው፣ ትንሽ ይሻላቸው።» በመጨረሻ ቄሱ ተቆጡ። «ፈንታ፣ ከዚህ በላይ ማቆየት ኃጢአት ነው። አባት ልጁን ሳያለቅስ ሊሞት ነው።»

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ስመለከት ቄሱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው እትዬ ብርቄ፣ ከእሷ ኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው። ልቤ ዘለለ። ደሴ መጣ! በሰዉ እግር መካከል ሾልኬ ወጣሁ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ሄድኩ፣ ትከሻውን ፈለግሁ። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ጭቃው መንገድ ብቻ ነበር። ያኔ ነው ዞሬ የሰዉን ፊት ያየሁት፤ ያኔ ነው የገባኝ።

ወደ ቤት ስገባ ቄሱ ጀምረዋል። «አባ ይርጋ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…»

«አታድክሙኝ ቄስ» አሉ አባባ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ወገባቸው ላይ ታስሯል። መቼ እንዳሰሩት ማንም አላየም። «እርስዎ የነገሩኝ እኮ ያን ሰንበት ነው።»

አባቴ ወደ አልጋው ቀረበ። «አባቴ፣ ካወቁ ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እናንተ ሳትነግሩኝ ልቅሶ ይሆናል? ሰው ብቻውን ያለቅሳል?» በየቃሉ መሃል ያርፋሉ። «እስክትነግሩኝ… ትንፋሽ ሳጠራቅም ነበር። ለራሴ ነፍስ ብዬ… ሰንበትን የምሽር ይመስልሃል? ለደሴ ነው።»

ተነሱ። አባቴ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉት። ያ አገር ቤት ሰው ሁሉ ይፈራው፣ ይናፍቀው የነበረ ድምፅ ሊወጣ ነው ብሎ ሰዉ ትንፋሹን ያዘ። «ደሴ!» አሉ። «ደሴ ልጄ…» ከዚያ ሳል መጣ። ሳሉ አጎነበሳቸው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። ሴቶቹ ልቅሶ ሊጀምሩ ሲሉ አባባ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው፤ መጀመሪያ የእሳቸው ነው። እኔ ማንም ሳያዘኝ ወጥቼ ሮጥኩ። «ሐሽማል አጥፉ! አባባ ሊተነፍሱ ነው!» ሰው ሁሉ እኛ ቤት ነው ያለው፣ ማን ይስማኝ። ባዶ ካራቫኖች ፊት ነው የጮህኩት።

ጭንብሉን አደረግሁላቸው። ያ ሁሉ ሰው ለልቅሶ መጥቶ የማሽን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆመ። አባባ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እንባቸው ወርዶ ከጭንብሉ ጠርዝ ላይ እየተጠራቀመ ነበር፤ እኔ በቀሚሴ እጅጌ እጠርገዋለሁ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ጭንብሉን በገዛ እጃቸው አወለቁ። በቀጭን፣ የሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ እንዲህ አሉ፤

«ወናፍ አናፊዬ ብረቴን አጋግሎ፣
እሳቱን ትቶልኝ ሄደ ወይ ቸኩሎ።»

ይችው ናት። ሁለት ስንኝ ብቻ ከተናገሩ በኋላ ተቀመጡ። ከዚያ ነው ሴቶቹ የጮሁት።

ሰባቱን የሐዘን ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ጭንብል መድኃኒት፣ ሁለት ስንኝ። ነርሷ በቀን ከዚህ አይለፍ ያለችው ልክ ነበረና ከዚያ በላይ ልሰጣቸው አልችልም፤ ልባቸው ከልክ በላይ ይመታል። እኔም ጥሪዬን ቀየርኩ። በሁለቱ ረድፍ መካከል እየሮጥኩ «አባባ ሊያለቅሱ ነው!» እላለሁ። ሰዉ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣና እደጃችን ላይ ይቆማል። ማሽኑ አጉረምርሞ ሲያበቃ ሁሉም ወደ በሩ ጠጋ ይላል። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣

«ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ሁመራ በረሃ፣
ማን አጠጣው ይሆን አንድ ኩባያ ውኃ»

ሲሉ እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያች ቀልደኛ ሴት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አልተነሳችም።

በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት፣ የዕለቱን የመጨረሻ መድኃኒት ሰጠኋቸው። አበባው በዚያ ሰዓት ሽታው ይብሳል። ጭንብሉን ሲያወልቁ አባቴን ፈለጉት። በሩ ላይ ቆሟል። እሱን እያዩ፣

«ደረት ሳለኝ ያኔ ምነው ሳይነግሩኝ፣»

አሉና ቆሙ። ሰዉ ቤት የሚመታውን ስንኝ ጠበቀ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ፤ አየር እንጂ ቃል አልወጣም። በእጃቸው ወደ ማሽኑ ጠቆሙኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ የዕለቱ አልቋል። አባቴ በሩን ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቄሱ ትንሽ ጠበቁና የሐዘን ማንሻ ጸሎት ጀመሩ፤ ፀሐይዋም ገባች። አባቴ ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ ሙሉ ያችን አንድ ስንኝ ሲሸሽ ኖሯል፤ እኔም አልፈርድበትም፣ አባቱን ላለማጣት ነው ያደረገው። ግን የሰው ልጅ ልቅሶውን ሲቀሙት ምን እንደሚሆን አይቻለሁና አዝናለሁ፤ ለሁለቱም አዝናለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን ይዤ ቀረብኩ። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድሬ ነበር። «አባባ፣ አሁን ይጨርሷታ፣ ሁለተኛዋን ስንኝ።»

አባባ ጋቢያቸውን ከወገባቸው ፈተው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። «ሐዘን ተነስቷል፣ ልጄ» አሉኝ። «ከተነሳ በኋላ አይለቀስም።» ከዚያ ፊታቸውን አቀረቡልኝ፣ ጭንብሉን እንዳደርግላቸው።

እኔም ማሽኑን አስቀምጬ ወጣሁና፣ በሁለቱ ረድፍ መካከል እየሮጥኩ፣ እንደ ድሮው «ሐሽማል አጥፉ! አባባ ሊተነፍሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ብርቄ ከሁሉ ቀድማ አጠፋች።